የፈቲያን ስፌት የሚጭን መኪና ተገኝቶ ለፈቲያ ለራሷ መቀመጫ ስለ መጥፋቱ

ለክቡር አቶ አባይነህ
የእጅ ጥበብና የኪነ ጥበብ ዕድሎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? በእኛ ግቢ በኩል ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸምሲያ ስኳሩ እግራቸው ላይ ወርዶባቸው ክፉኛ ሰንብተው ነበር፤ አሁን ግን እሳቸው እንደሚሉት አልሐምዱሊላህ፣ እብጠቱ ጎድሎላቸው በምርኩዝ እስከ ደጃፍ ይወጣሉ። ትልቁ ልጃቸው መሐመድ ጅጅጋ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት። ትንሿ ልጃቸው ፈቲያ ግን እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሏታል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያደረገኝ የእሷው ነገር ነው።

እኔ የሺ እባላለሁ። ባለቤቴ ወታደር ሆኖ እዚህ ሲመደብ አብሬው መጣሁ፤ እሱ ጡረታ ሲወጣም አገራችን እንግባ ቢለኝ ከሐረር መነቀል አቅቶኝ፣ ከወይዘሮ ሸምሲያ ጋር ጀጎል ውስጥ በአንድ ግቢ እየኖርኩ ሸዋ በር ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ እንደ እናትዎ ልጅ ቆጥረው ይለፉኝ። ደብዳቤውን ለእርስዎ ብቻ ልኬው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የሚገባ ወረቀት መውጫው እንደሚጠፋበት ስለሰማሁ፣ ሰው ሁሉ አብሮ ቢያነብልን ይሻላል ብዬ ነው።

ፈቲያ ከተወለደች ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት፤ ዘንድሮ ሠላሳ ሊሞላት ነው። የጀጎል ሴቶች ግድግዳቸውን በአክርማ ስፌት እንደሚያለብሱ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣብዎ ፎቶ የሚያስነሱት እሱው ፊት ነውና። ሁሉም ሴት ታዲያ ከእናቷ የወረሰችውን ጥለት ትሰፋለች። ፈቲያ ግን ባለቀለሙን አክርማ ይዛ የፈረስ መጋላን ገበያ ራሱን ሰፋችው። ባጃጁ አለ፣ ጫት ተሸክማ የምትሮጠው ሴት አለች፣ ሰዎቹም ሁሉ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ለእሷ ገበያ ማለት የሚንቀሳቀስ አፍ ነዋ! መጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች አይተው፣ «አቦ፣ ባጃጅ በስፌት ምን ይሉታል? ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊሱን ትሰፊው ይሆን?» ብለው ሳቁባት። እሷም ከሳምንት በኋላ ትራፊክ ፖሊሱን ሰፍታ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ ማሻአላህ ማለት መጣ።

እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ መስማት የተሳናቸውና አካል ጉዳተኛ የሆኑ አርቲስቶች ከየአገሩ ሥራቸውን ይዘው የሚገናኙበት ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቷል። ፈቲያ እንደሷ በእጁ የሚያወራ፣ ደግሞም እንደሷ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው አንድም ቀን አግኝታ አታውቅም። እኔ በምልክት የማወራት የጎረቤት ነገር ነው፤ ብዪ፣ ተኚ፣ ውሃ መጣ፣ ያ ሰውዬ ሌባ ነው። የልቧን የምታወራው ሰው ትፈልጋለች። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፣ ክቡርነትዎ፤ ሌላ የጠየቀችው የለም።

አሁን ጽሕፈት ቤትዎ ላደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ዕድሉ መምጣቱን ለማሳወቅ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭናችሁ፣ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ፣ «መስማት የተሳናችሁ አርቲስቶች ሆይ፣ እንዳያመልጣችሁ!» እያላችሁ በመዞራችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። ድምፁ ከመጉላቱ የተነሳ ሚዛኔ ላይ ያለው በርበሬ እንኳ ተንቀጥቅጧል። ፈቲያ በዚያው ሰዓት ከጎኔ ቆማ ድንች ትመርጥ ነበር። እሷ ባትሰማ ጎረቤቷ ይሰማል ብላችሁ በእኛ በጎረቤቶች ላይ ስለጣላችሁት እምነት ልባችን ተነክቷል። ጎረቤት የሌለው መስማት የተሳነው አርቲስት ካለ ግን፣ መኪናችሁ ሲያልፍ አይቶ ምርጫ ደረሰ እንዴ ብሎ ሳይገረም አልቀረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ነስሮ። ነስሮ ከከተማው ወጣ ካለችው ከሶፊ የሚመጣ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሠዓሊ ነው። ወደ ዐውደ ርእዩ ማን እንደሚሄድ ለመወሰን አርቲስቶቹን የጠራችሁበት ስብሰባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር እሱ ደረጃው ሥር ቀረ። አስተናጋጆችዎ ግን አልጨከኑበትም፤ ሻይና ብስኩት ወርዶለታል፣ መፈረሚያውም ወርዶለታል። ስብሰባው ብቻ ነው ሳይወርድለት የቀረው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቢታገሡኝ፣ ስለ ጨለማው ነው። ወይዘሮ ሸምሲያ በእግራቸው ምክንያት መሄድ ስላልቻሉ ፈቲያን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አዳራሹ መስኮት ነበረው። ነገር ግን «እጆቻቸው ይናገራሉ» የሚል፣ የክቡርነትዎም ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር መስኮቶቹን ከዳር እስከ ዳር ጋርዷቸው ነበር። እርስዎ ንግግርዎን ጀመሩ፤ አስተርጓሚዋ መቅደስ ከጎንዎ ቆማ በምልክት ትተረጉም ጀመር፤ ፈቲያም ዓይኗን ከመቅደስ እጅ ሳትነቅል ትከታተል ነበር። መብራት ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን፣ እኛ ጎተራ ውስጥ እንደገባ አይጥ ሆንን።

የሰለጠነ ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ባነሩን ያወርዳል፣ ወይ መብራት እስኪመጣ ሻይ ይጠጣል። እርስዎ ግን ጊዜ የማያባክኑ መሪ በመሆንዎ ንግግርዎን አላቋረጡም። መቅደስ የስልኳን ባትሪ አብርታ ለእኔ ሰጠችኝና እጇ ላይ እንዳበራላት ነገረችኝ። አበራሁ። የመቅደስን እጅ ስከተል ብርሃኑ አንዴ ፊትዎ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ያሉትን ቃል በቃል ልድገመው፣ አልረሳውም፦ «እናት፣ ያንን ነገር ያጥፉልን፣ ዓይኔን ወጋኝ። ስብሰባው ይቀጥላል፤ ንግግር እንደሆነ መብራት አይፈልግም።»

አጠፋሁት። ዓይንዎን መጀመሪያ ላይ የጠየቅኩት ስለዚሁ ነው።

ፈቲያ በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። መዳፌ ላይ በጣቷ ትጽፍልኛለች፣ ትጫነኛለች፣ ምን እያሉ ነው ማለቷ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? እናንተ ስለ ልዑካን ቡድን፣ ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ውክልና ታወራላችሁ፤ የእኔ ምልክት ብዪና ተኚ ነው፤ እሱም በብርሃን። መዳፏን ጨብጬ ቆይ፣ ቆይ ብቻ አልኳት። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ነበር፤ አንዱ እግሩን ወለሉ ላይ መታ፤ አንዷ አለቀሰች መሰለኝ። እርስዎም ሥራዎቹ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱ፣ ሠሪዎቹ ግን እዚያ ሰው ቋንቋቸውን ስለማይረዳላቸው እንዳይጉላሉ እዚሁ እንዲቀሩ፣ በእነሱም ስም ምክትልዎና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ እንዲሄዱ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያም፣ «የሚቃወም እጁን ያውጣ» አሉ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ክቡርነትዎ! እኔ መቼም አፍ ስላለኝ፣ «ኧረ መብራት ይምጣ! ምን እንደተባለ አላወቁም!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ባለሙያዎ በጣም በትሕትና፣ «እትዬ፣ እርስዎ አጃቢ ነዎት፤ አጃቢ ሐሳብ አይሰጥም» አለኝ። ልክ ነው፣ ሥርዓት ነው። አንድም እጅ አልታየም ተባለና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶው። ውሳኔው ጸድቆ ሲጨበጨብ መብራት መጣ። ፈቲያ ዓይኗን ስትገልጥ አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭባል፣ እርስዎም ይስቃሉ። ምን ታስብ? መሄጃችን ቀን ተቆርጦ ነው አለችና እንደነሱ ወግ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ እያርገበገበች በደስታ አጨበጨበች። ፎቶ አንሺያችሁ ፈጣን ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው። ማምሻውን በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ፈቲያ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ከሥሯ «መስማት የተሳናቸው አርቲስቶች ውሳኔውን በደስታ ተቀበሉ» የሚል ተጽፎባት ወጣች።

የተወሰነውን የነገረቻት መቅደስ ናት፣ ስንወርድ፣ ደረጃው ላይ። ፈቲያ አልጮኸችም። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሸቀቻቸው፣ እስከ ቤታችንም አላወጣቻቸውም። ክቡርነትዎ ይህን ላይረዱት ይችላሉና ላስረዳዎ፦ ያ የእሷ ዝምታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእናቷም ቢሆን እጇን የምታወጣው ለመብላትና ለመስፋት ብቻ ነው፤ እሱንም በግድ።

አምስተኛ፣ ስለ ልዑካኑ። አባቶቻችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ። ምክትልዎ ወስፌ ቢያቀብሏቸው ጥርስ የሚጎረጉሩበት ይመስለኛል። መቅደስ ግን የዐውደ ርእዩ አዘጋጆች በምልክት ቋንቋ የላኩትን ቪዲዮ አሳይታናለች፤ ሠሪው ራሱ ከሥራው አጠገብ ተቀምጦ እየሠራ ያሳያል፣ አስተርጓሚም እዚያው ተዘጋጅቷል ነው የሚሉት። እዚያ ቋንቋዋን የማይረዳ ቢኖር የእርስዎ ምክትል ብቻ ናቸው። እንግዲህ መጉላላት ለሰው የማይወዱ ከሆነ እሳቸውን ቢያስቀሯቸው ምን ይመስልዎታል?

ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ አጭር ነው። መኪናችሁ ነገ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል ተብሏል። ፈቲያና ነስሮ በዚያ መኪና ላይ ይቀመጡ። ለነስሮ የሚያነሣው ክንድ አናጣም፣ ሰፈሩ ሙሉ ጎረምሳ አለ። ለእርስዎም ክብር ነው፤ ፎቶው ላይ የተጻፈው እውነት ይሆንልዎታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እኔ ግን ንቀት ነው አላልኩም፣ የሥራ ብዛት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ እየነገርኩልዎ ነው። ሰው ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ሰው ክፉ ነው፣ አያምነኝም።

ስለ መልካም አስተዳደርዎ፣ ስለ ሰፊው ባነርዎና በጨለማ ውስጥ እንኳ ስለማይደናቀፈው አንደበትዎ፣ ከግቢያችን ሴቶች ሁሉ ጋር ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜን ከጤና፣ ከአዳራሹም የተከፈተ መስኮት ጋር የምመኝልዎ፣

የሺ፣ የሸዋ በር ቅመም ሻጭ፣ ሐሳብ የማትሰጠው አጃቢ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ማታ ጽፌ ጠዋት ፈረስ መጋላ ልለጥፈው ስወጣ ባለሙያዎ አቶ ሚኪያስ ስፌቱን ሊረከብ ከሾፌሩ ከሙሜ ጋር ደጃችን ደረሰ። ፈቲያ በሩ ላይ ቆማ ሳለች እሷን አልፎ ለወይዘሮ ሸምሲያ፣ «እማማ፣ ሥራዋ እንዲሄድ እርስዎ ይፍቀዱልን» አላቸው። እሳቸውም በምርኩዛቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ስፌቱ የኔ ነው እንዴ? ባለቤቷ ፊትህ ቆማለች፣ እሷን ጠይቃት» አሉት። «እሷን እንዴት አድርጌ ልጠይቃት?» አለ። «ያ ረቢ! ይህን ሳታውቁ ነው ለእነሱ ቢሮ የከፈታችሁ?» አሉት። አቶ ሚኪያስ ስልኩን አውጥቶ ወደ እርስዎ ሊደውል ዘወር ሲል ፈቲያ እጆቿን ከብብቷ አወጣች፤ ስፌቷን ራሷ ከግድግዳ አወረደች፣ በነጠላ ጠቀለለችው፣ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀየረችና ሄዳ የመኪናው የፊት ወንበር ላይ፣ የምክትልዎ ቦታ ነው አሉ፣ ስፌቷን ታቅፋ ተቀመጠች። በዚያው ሰዓት ልትጠይቃት የመጣችው መቅደስም ከኋላዋ ገባች። አቶ ሚኪያስ መጥቶ ሙሜን አውርዳት ቢለው ሙሜ መሪውን እንደያዘ፣ «አቦ፣ እኔ ስፌቱን ጫን ተባልኩ፣ ጫንኩ። ከላዩ ላይ ያለችውን ማውረድ የፈለገ ራሱ ይምጣና በእጁ ያናግራት፤ እኔ እስከዚያ ሶፊ ሄጄ ነስሮን እጭናለሁ» አለው።