መስኮቱ ፊት ቆሜ ስለ መጥፋቴ

ለተከበሩ የ«ቃለ ዝርዝር» ዲጂታል መዝገበ ቃላት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ኔትወርክዎ ሳይቋረጡ እንደ ሰነበቱ ተስፋ በማድረግ፣ ከሸጎሌ ጎሚስታ ቤቴ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ስሜ መዝገቡ ስለሺ ይባላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሰባት ዓመቷ ልጄ ለናዝሬት የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣ ከእሷው ጋር ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄድሁ። ያለዚያ ወረቀት ትምህርት ቤቱ አይቀበላትም፤ የተማሪዎች ምዝገባው ሊዘጋ የቀረውም ሦስት ቀን ነበር። ቢሮው ስም የሚያጣራው በማዕከልዎ የቃላት ዝርዝሮች በመሆኑ፣ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩ኛ. የስም ዝርዝራችሁ ስለማያውቀኝ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሳሌም ስሜን ባስገቡ ቁጥር ኮምፒውተሩ «መዝገቡ አልተገኘም» ይል ነበር። ጮክ ብለው ሲያነቡት ልጄ ቀና ብላ «አባዬ፣ ጠፋህ እንዴ?» አለችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እጇን ግን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።

፪ኛ. የቁጥር ዝርዝራችሁ ስለሺን «ስለ 1,000» ብሎ በማረሙ፣ አንድ የነበሩትን አባቴን አብዝታችሁልኛል።

፫ኛ. ባለቤቴ ኢትዮጵያ ትባላለች። የቦታ ዝርዝራችሁ አገር ማግባት እንደማይቻል ወስኖ ላጤ አድርጎኛል። እሷም ይህን ስትሰማ «ላጤ ከሆንክማ እራትህን ራስህ ሥራ» አለችኝ፤ ሠራሁ።

በማግስቱ ማዕከልዎ ወደ ቢሮው የላካቸው ባለሙያ አቶ ያዕቆብ፣ ዝርዝሩን ማረም ስድስት ወር፣ ስሜን መቀየር ግን ሁለት ቀን ብቻ እንደሚፈጅ በትሕትና አስረዱኝ። ፈገግ እንኳ ሳይሉ «የእኔን ይሞክሩ፤ ያዕቆብ ይገኛል» ብለውኛል።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ወይዘሮ ሳሌም ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ እስክሪብቶ አንሥተው የሦስታችንን ስም በእጃቸው ጻፉና ማኅተም መቱበት። ልጄ ተመዘገበች። ትናንት ግን በማዕከልዎ አቤቱታ ምክንያት ማስጠንቀቂያ እንደ ተጻፈባቸው ሰማሁ። ክቡርነትዎ፣ የእኒህ ሴት ጥፋት ፊታቸው የቆመን ሰው ማየታቸው ብቻ ነውና፣ አቤቱታዎን ያንሡላቸው ዘንድ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

የዝርዝሮችዎን ዕድሜ ያርዝምልን፣ የእኛን ትዕግሥት እንደዚያው እያልሁ፣

ጎማ ለጣፊው መዝገቡ ስለሺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ በድረ ገጽዎ ልኬው ነበር። «ቅሬታ» የሚለው ቃል በዝርዝራችሁ ስለሌለ «ምስጋና» ብሎ አርሞ ተቀብሎኛል። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ቢያካትቱት አልቃወምም።