ለፋሻ ያልተገኘው በጀት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የበጀት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቢታመሙ በየትኛው የበሽተኛ ዓይነት እንደሚመደቡ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛልና፣ እርስዎን ከክፉ ይሰውርልን። እኛ ደህና ነን፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ስኳሯ ተነስቶባት፣ እግሯ ቆስሎ እርስዎ ዘንድ ተኝታለች። ልጇ ሥራዋን ጥላ እያስታመመቻት ነው፤ የልጅ ልጇ እኔ ጋ ሆኖ «አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ልቤን ያወልቀዋል። የጻፍኩልዎ ለማመስገን ነው።

፩. በሽተኛን በዓይነት በዓይነቱ ለይተው ለየዓይነቱ ወጪ ስለወሰኑለት አመሰግናለሁ፤ እኛ ያልተማርነው በዓይነት የሚለየው ድንች ብቻ ይመስለን ነበር። ጎረቤቴ «ነባር ሕመም» በሚለው ስለተመደበች፣ ለዚያ ዓይነት የተፈቀደው ፋሻ ጥቂት ነውና ቁስሏ ታጥቦ የሚታሸገው አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ካልታጠበ እግሯ አይተርፍም ቢሉም፣ ቁስሉ መመሪያዎን አክብሮ ይታገሳል ብለው ስላመኑ አደንቅዎታለሁ።

፪. ለነባር ሕመም የተፈቀደው የመኝታ ቀን አበቃ ተብላ በዋናው በር ወጥታ፣ በድንገተኛው በር «አዲስ በሽተኛ» ሆና ስለገባችም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ተሽከርካሪ ወንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ። አጥሩን ዞረን ስንመለስ ያው አልጋ፣ ያው አንሶላ፤ ሙቀቷ እንኳን አልለቀቀውም። የደም ምርመራውም ራጁም እንደ አዲስ ታዘዘ፤ ነርሷ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እርስዎ ግን ወጪ ቀነስን ብለው ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። ደግነቱ፣ አዲስ በነበረችበት ሰሞን ቁስሏ በየቀኑ እየታጠበ መሻል ጀምሮ ነበር። ይኼኔ ነው ስኳሯ የቆየ መሆኑ ትዝ ብሎዎት ወደ ነባር የመለሷት!

፫. ይህኛውን በጨዋ ደንብ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። የሴትዮዋ የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው፣ ጌታዬ። ልጅ ያሳደገችው፣ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ያለበሰችው በዚያች እግር ነው። ይህ በየትኛው ዓይነት ተጽፏል? ፋሻውን ነገ ጠዋት ይዘዙላት፤ ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

በታላቅ አክብሮት፣
ለጊዜው በየትኛውም ዓይነት ያልተመደብኩ ጎረቤቷ

ደብዳቤው ከታሸገ በኋላ፦ ልጇ አሁን መጥታ ነበር። «እትዬ፣ እግሯን ሊቆርጡት ነው» አለችኝ። ቀዶ ጥገና ሌላ ዓይነት በመሆኑ በጀቱ ወዲያው ተፈቅዷል አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። እናቷ ከሆስፒታል ስትወጣ የምታደርገውን ጫማ ከቤት ልትወስድ ነበር አመጣጧ፤ ግራና ቀኙን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። መመደብ የሚያውቁበት እርስዎ ነዎትና ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ፦ «የቱን ልተወው?»