የወንድምጋሼ ሩዝ

ሰኔ 12
ሩዝ ስንተክል ዋልን። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ምሳ ላይ ማንኪያዬን ሩዙ መሃል ቀጥ አድርጌ ሰካሁት። ወንድምጋሼ ማንሶክ እጄን ቸብ አደረገኝ። "አንተ ቀልቃላ! ማንኪያ የሚሰካው ለሙት ነው። ማንን ልትገድል ነው?"

እማዬ ደነገጠች። እሱ ግን ሳቀ። "ቾልጉ እኮ ርቦት ነው። ከኔ ጨምሪለት።" ጨመረችልኝ... በላሁ።

ሐምሌ 9
ጦርነቱ ደረሰብን። ከየቤቱ አንድ አንድ ጎረምሳ ወሰዱ። "እኔ ልሂድ" አልኩ። "አንተ ቀጫጫ፣ ጠመንጃው ነው አንተን የሚሸከምህ!" አለኝ ወንድምጋሼ፣ ሊሄድ ሲል። በሩ ላይ ዞር ብሎ፦ "ኅዳር ላይ ለአባባ ሙት ዓመት እደርሳለሁ። ለሙት ማንኪያ የሚሰካው ታላቅ ልጅ ነው፤ እኔ እያለሁ እንዳትነካ!"

ሐምሌ 20
እማዬ በየማታው የሱን ሳህን ሩዝ ትሞላለች። ከድናው፣ ከሥሩ በሚነደው እሳት ወለሉ በሚሞቅበት ጥግ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። ሩዙ እስከሞቀ ድረስ የትም ቢሆን አይራብም ትላለች።

ነሐሴ 28
እኛ የገብስ ቅንጬ፣ እሱ ነጭ ሩዝ። የለም እኮ ሰውዬው! በገዛ ወንድሜ ሳህን ቀናሁ።

መስከረም 6
በላሁት። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ... ሙልጭ አድርጌ። ባዶውን ሳህን መልሼ ሸፈንኩት። ምን ነካኝ?

እማዬ ክዳኑን ከፈተች። መልሳ ከደነችውና ብርድ ልብሱን አለበሰችው። ምነው በደበደበችኝ።

ጥቅምት 17
አብሮት የዘመተው የጎረቤታችን ልጅ ዱሺክ በአንድ እግሩ ተመለሰ። ወንድምጋሼ ናክዶንግ ወንዝ ዳር ወድቋል። እዚያው ቀብረውታል።

"መቼ?" አልኩት።

"ነሐሴ 30።"

ሩዙን ስበላ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር ማለት ነው። እኔ አልገደልኩትም... እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴ ራሴን ጠላሁት።

ዱሺክ ቀጠለ፦ "ሁለት ቀን እህል አልቀመስንም ነበር። እሱ ግን ይስቃል። 'ይሄኔ ያ ቀጫጫ የኔን ሩዝ ጠራርጎ በልቶታል። ይብላ፣ ለሱ ነው የተውኩት' ይል ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ኅዳር 4
የአባባ ሙት ዓመት። እማዬ ከጥጉ ብርድ ልብሱን አንስታ አጠፈችው። የወንድምጋሼን ሳህን ሩዝ ሞልታ ከአባባ ሳህን ጎን አስቀመጠችው።

"በል ማንኪያውን ስካ። ታላቅ አንተ ነህ አሁን።"

የአባባን ሰካሁ። የሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እጄን ቸብ እስኪያደርገኝ ጠበቅኩ... ማንም አልመታኝም።

ሰካሁት።