በየቅዳሜው ሐዲዱን በእግራቸው ያዩት የአቶ ገብረክርስቶስ ወልደሰማያት የሕይወት ታሪክ
(1947 – 2018 ዓ.ም.)

አቶ ገብረክርስቶስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማያት በየነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ገብሩ ጥር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር የሸሚን ደፈር ሰው ነበሩ። ሥራቸው ባቡር መንዳት አልነበረም፤ ትኬት መቁረጥም አልነበረም። ማለዳ ከአቃቂ ጣቢያ ተነስተው፣ መዶሻቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ የተመደበላቸውን ሐዲድ በእግራቸው እየሄዱ ማየት ነበር። የላላውን ብሎን ያጠብቃሉ፤ ከሐዲዱ ሥር ውሃ የሚያልፍባቸውን የድንጋይ ቱቦዎች እየጎነበሱ አንድ በአንድ ይመለከታሉ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብረዋቸው ይሄዱ ነበርና ይህንን ሥራ ከፊደል እኩል ተማሩት። አባትየው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «ያላየኸውን አየሁ ካልክ፣ ባቡሩን የገለበጥከው አንተ ነህ።»

አቶ ገብረክርስቶስ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አካባቢ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1962 ዓ.ም. አባታቸው በሞት ሲለዩ ግን ደብተራቸውን አስቀምጠው ፒያሳ ውስጥ በአንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ የብስክሌት መጠገኛ ተቀጠሩ። እጃቸው ሥራውን ቶሎ ለመደው። ራሳቸውም ለዓመታት ተወዳድረዋል፤ አንደኛ ግን አንድም ቀን አልወጡም። ለምን ሲባሉ፣ የሚያሸንፉትን ሰዎች ብስክሌት የማስተካክለው እኔ ስለሆንኩ ነው ይሉ ነበር። የአራዳ ልጅ መልስ አያጣም።

በ1973 ዓ.ም. በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ስፋቱ የአንድ ብስክሌት ርዝመት ያህል ነበር። በዓመቱ አቶ ሸምሰዲን የተባሉ የስልጤ አገር ሰው ከጎናቸው የብስክሌት መለዋወጫ መሸጥ ጀመሩ። ሁለቱን ሱቆች የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለነበር ለመነጋገር መነሳት አያስፈልጋቸውም ነበር። አንዱ ከወዲህ ካቴና ሲጠይቅ ሌላው ከወዲያ ያቀብላል፤ ደንበኛውን ደግሞ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀልዱበታል። የብስክሌቱን መሪ አጣሞ ለመጣ ሰው፣ «ብስክሌቱስ ደህና ነው፤ የተጣመምከው አንተ ነህ» ሲሉ፣ ከግድግዳው ማዶ አቶ ሸምሰዲን «ለእሱ የሚሆን መለዋወጫ የለኝም» ይላሉ። አርባ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በፆሙም በበዓሉም አልተለያዩም፤ ልጆቻቸው ያደጉት በሁለቱም ቤት ነው።

አቶ ገብረክርስቶስ ጥር 1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺዓለም ተክለማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው አቶ ቃለአብን እና ወይዘሮ እየሩስን ወልደዋል። በሰፈሩ እድርም ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግለዋል።

በ2008 ዓ.ም. በደብረ ዘይት መንገድ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለት ደንበኞቻቸው ልምምድ ላይ ሳሉ በጭነት መኪና ተገጭተው ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው ብስክሌቶቹን ወደ ሱቁ አመጧቸው። ያመጧቸው ሊያስጠግኗቸው አልነበረም፤ የት እንደሚያደርጓቸው ስላላወቁ ነው። አቶ ገብረክርስቶስ ሁለቱን የተጨማደዱ ብስክሌቶች ከግድግዳው ላይ ሰቀሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ባቡር መሄድ ያቆመበት የአባታቸው የሐዲድ መንገድ ትዝ ያላቸው። መኪና የማይደርስበት፣ ሜዳውን ሰንጥቆ የሚሄድ፣ ሣርና እሾህ የዋጠው መንገድ ነበር። በዳሩ ብስክሌት ቢሄድበት ማንን ይጎዳል ብለው ፈቃድ መጠየቅ ጀመሩ። ሦስት ዓመት ነገ ይምጡ ተባሉ፤ ሦስት ዓመት ነገ መጡ። በ2011 ዓ.ም. ደብዳቤው ወጣ። የእሑድ ብስክሌተኞች አካፋና ዶማ ይዘው፣ ቀይ አሸዋ እየደለደሉ፣ ከአቃቂ ጀምሮ ስምንት ኪሎ ሜትር ጠረጉ።

መንገዱ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት አቶ ገብረክርስቶስ አንድ ሕግ አወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው መንገዱን በእግራቸው ሄደው ያያሉ። ማታ ብስክሌተኞቹ ደውለው መንገዱ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩትን ይነግሯቸዋል። ካላዩ «አላየሁትም» ይላሉ፤ እሑድም ማንም አይወጣም። በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ ከተላላጠ ጉልበት የባሰ አደጋ አልደረሰም።

ስምንቱ ኪሎ ሜትር ግን ሲያልቅ ብስክሌተኛውን መልሶ አስፋልት ላይ ያወጣዋል። ይህ እንቅልፍ ነሳቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዱከም መግቢያ ያለውን ስድስት ኪሎ ሜትር ለማስቀጠል ጉልበታቸውን ሁሉ እዚያ ላይ አዋሉት። በዚህኛው ክፍል አምስት የድንጋይ ቱቦዎች ነበሩ፤ አራተኛው ከሁሉም ያረጀ ነበር። ቅጥያው ሰኔ 2016 ዓ.ም. ለብስክሌተኛ ክፍት ሆነ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ዶሮ ማነቂያ ለልማት ፈርሶ ጎረቤቱ በከተማው ዳርቻ ተበትኗል። የአቶ ገብረክርስቶስ ቤተሰብ ገላን ጉራ ሲደርሰው ሌላው ሌላ ቦታ ደረሰው። ድሮ ለቀብር ጥሩምባ ይበቃ ነበር፤ አሁን ዘጠና ቤት በስልክ መፈለግ ግድ ሆነ። እድሩ ሊፈርስ ሲል በመጨረሻው ስብሰባ «ከዚህ ሰፈር ማንም ብቻውን አይቀበርም» ብለው ያስወሰኑት አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው።

ቤተሰቡ ከዚህ በኋላ ያለውን ዘልለን እናንብብ ብሎ ነበር። በቀብር ላይ የሚነበብ ታሪክ ሟችን ማመስገን ልማዱ ነውና። እሳቸው ግን አልጋ ላይ ሳሉ፣ «እሱን ከዘለላችሁ የእኔ ታሪክ አይደለም፤ የሌላ ሰው አንብቡ» ብለዋል። ስለዚህ እናነበዋለን።

ቅዳሜ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ አቶ ገብረክርስቶስ ወደ መንገዱ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ ስልክ ተደወለ። የድሮ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ረሂማ ማረፋቸውን ሰሙ። ወይዘሮ ረሂማ ልጅ አልነበራቸውም፤ የሚጠራላቸው ሰው ከእድሩ ጸሐፊ በቀር አልነበረም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አቶ ገብረክርስቶስ ቀኑን ሙሉ ሲደውሉ፣ ሰው ሲያሰባስቡ፣ ሲቀብሩና ለቀስተኛ ሲያስተናግዱ ዋሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ሰው ያደርገዋል። ጥፋቱ ማታ ነው። የአቶ ሸምሰዲን ልጅ ሱፊያን፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የብስክሌተኞቹ መሪ፣ እንደ ወትሮው ደወለና «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አላቸው። ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ከቧቸዋል። ያወጡትን ሕግ ራሳቸው ማፍረሳቸውን ለልጁ መንገር አሳፈራቸው። ባለፈው ቅዳሜ ደህና ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ምን ያመጣል ብለው በልባቸው አሰቡ። «ደህና ነው፣ ተመስገን» አሉት።

ሐሙስ የጣለው ዝናብ የአራተኛውን ቱቦ ግንብ ከሥሩ በልቶት ነበር። ላዩ ላይ ቀይ አሸዋው እንዳለ ቆሟል። እሑድ ጠዋት ሱፊያን ከፊት ሆኖ ሲያልፍበት መሬቱ ተናደና ከነብስክሌቱ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት አልደረሰም። በዚያው ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ተቀበረ።

አቶ ገብረክርስቶስ ከመቃብሩ ሳይርቁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለአቶ ሸምሰዲን «መንገዱን አላየሁትም ነበር፤ ደህና ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው» አሏቸው። አቶ ሸምሰዲን ፊታቸውን ወደ መቃብሩ መለሱ። የልጁ እናት ወይዘሮ ከሪማ ግን ነገሩን ለቅሶ ቤት ሆነው ሲሰሙ ጮኹ። ያ ጩኸት እስካሁን በቤታችን አለ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ሁለቱ ጎረቤቶች ሱቃቸውን በየጠዋቱ ከፈቱ፣ ማታ ማታ ዘጉ፤ በኮምፔንሳቶው አንድም ድምፅ አላለፈም። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ተነሱ። አቶ ገብረክርስቶስ እምቢ አሉ። «ይቅር እንዲለኝ ሽማግሌ የሚላክበት ነገር አይደለም፤ ልጁን ነው የወሰድኩበት» አሉ። ሰው ሁሉ ኩሩ አላቸው። ኩራት አልነበረም። በቤት ውስጥ ያየናቸው እኛ እናውቃለን።

መንገዱ ተዘጋ። አቶ ገብረክርስቶስ አራተኛውን ቱቦ ከመሠረቱ አፍርሰው፣ ግንበኛ ቀጥረው፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያቀበሉ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ጨረሱት። ቀሪዎቹን አራቱንም አጠናከሩ። የሚሄድበት ሰው ግን አልነበረም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር በመዶሻ እያንኳኩ ሄዱት፤ ማታም ማንም በማይደውልበት ስልክ አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ የሺዓለም ይህን ማየት ከሁሉም ከበዳቸው።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአንዱ ቅዳሜ ማታ ስልኩ ጮኸ። ኢልሀም ነበረች፣ የሱፊያን ታናሽ እህት። ሰላምታ አላስቀደመችም። «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አለች። አቶ ገብረክርስቶስ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እስከ መጨረሻው፣ ቱቦውን በየተራ እየጠሩ፣ ነገሯት። በማግስቱ እሷና ሁለት ጓደኞቿ ሄዱበት። በየሳምንቱም መደወል ጀመረች።

ከዚያው ክረምት ጀምሮ አቶ ገብረክርስቶስን የሆድ ሕመም ያሠቃያቸው ነበር። ሐኪሞች ነሐሴ ላይ መርምረው በሽታው ጉበታቸውን ማዳረሱን፣ ብዙ የሚደረግ ነገር እንደሌለም ለቤተሰቡ ነገሩ። ሱቃቸውን ዘጉ፤ ቅዳሜን ግን አልተውም። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሦስተኛው ቱቦ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸውና አንድ ገበሬ በጋሪ አሳፍሮ መለሳቸው። ማታ ኢልሀም ስትደውል፣ «አራተኛውንና አምስተኛውን አላየሁትም። እንዳትሄዱ» አሏት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ የመስቀል ዕለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሸምሰዲን ገላን ጉራ ያለውን ቤታችንን አንኳኩ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ደጃፋችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም።

«ልጅቷን አላየሁትም ብለሃታል አሉ» አሉ።

«አዎ፣ ሸምሱ። አላየሁትም።»

አቶ ሸምሰዲን ቤቱን በዓይናቸው ቃኙ። ከዚያም «መዶሻው የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ቅዳሜዎች አቶ ሸምሰዲን መንገዱን በእግራቸው ሄዱት። እየተመለሱ አልጋው አጠገብ ያዩትን ይነግሯቸዋል፤ በሽተኛው የቱ ጋ መጎንበስ እንዳለባቸው ያስረዷቸዋል። ስለ ሱፊያን አላነሱም። ይቅር ተባብለው እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም፤ አልጠየቅንምም። የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ የበሽተኛው ንግግር በጣም ስለደከመ አቶ ሸምሰዲን ጆሯቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር የሰሟቸው።

አቶ ገብረክርስቶስ ወልደሰማያት በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺዓለምን፣ ልጆቻቸውን ቃለአብንና እየሩስን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ የተበተነውንም ሰፈራቸውን ትተው ሄደዋል። ከያላችሁበት የከተማ ዳር ተነስታችሁ የመጣችሁ የእድራችን ሰዎች፣ ብቻቸውን አልቀበራችኋቸውምና እናመሰግናችኋለን።

አንድ ነገር እንናገር። ከእናንተ ብዙዎች በዓይናችሁ ስትፈልጓቸው አይተናል። የአርባ ሁለት ዓመት ጎረቤታቸው አቶ ሸምሰዲን በዚህ ቀብር ላይ የሉም። ትናንት ለለቅሶ መጥተው እናታችንን፣ «የሺ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፤ የት ልሁን?» ብለው ጠየቋት። እናታችን «መንገዱ ላይ» አለቻቸው። አሁን ይህ በሚነበብበት ሰዓት እዚያ ናቸው፤ ቀረ ብላችሁ እንዳትቀየሟቸው። አባታችን በእግራቸው ሲሄዱ የኖሩ ናቸውና ፈጣሪ ማረፊያ ይስጣቸው፤ በእሳቸው ቃል ለጠፋውም ልጅ ነፍስ እንዲሁ። ዛሬ ማታ ኢልሀም መንገዱ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቅ የሚመልሱላት አባቷ ናቸው።