በሁዳዴ ስለተገመተው ሥጋ ቤት

ለተከበሩ የመንገድ ማስፊያ ቢሮ የመሬት ካሣ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። እኛ፣ የላኩልን የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት መቀመጫ ከማሳጣቱ በስተቀር፣ ደኅና ነን።

የምጽፍልዎ ስለ አሌክሳንድሪያው የጋሽ ይገዙና የእትዬ ውብነሽ ሥጋ ቤት ነው። እሳቸው ታክሲ እየነዱ፣ ባለቤታቸው የሆቴል አልጋ እያነጠፉ የገዙትን ቦታ ቢሮዎ ለአውቶቡስ መስመር ፈልጎታል። ይሁን፤ አውቶቡሱም ማለፊያ ያስፈልገዋል። ለመሬቱም ለሚቀርባቸው ገበያም ተገቢው ካሣ ይከፈላል ተብሎ ገበያውን የሚያይ ባለሙያ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያለችኝ ቅሬታ ጥቂት ናት።

አንደኛ፣ ባለሙያዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ሰዓት ይዘው፣ ፓርኪንጉ ላይ የቆመ መኪና መቁጠራቸው ትጋታቸውን ያሳያል። የመጡት ግን ሦስቱንም ጊዜ በሁዳዴ ነው። እኛ ኦርቶዶክሶች ከፋሲካ በፊት ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ አንቀምስም፤ ጋሽ ይገዙም ያኔ በርበሬ ለሚገዛ አንድ ሁለት ሰው ከመመዘንና ቢላ ከመሳል ሌላ ሥራ የላቸውም። ባለሙያዎ «የቆመ መኪና፦ አንድ» ብለው ጽፈዋል። እሱም የጋሽ ይገዙ ነው።

ሁለተኛ፣ እትዬ ውብነሽ እንግዳ ጾሙን አይሄድም ብለው ሽሮ አቀረቡላቸው። አብረው በሉ፤ ባለሙያዎም ሁለቴ አስጨመሩ። ከዚያ ሪፖርታቸው ላይ «ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚሸጡትን ሥጋ አይበሉም» ብለው የጥራት ጥርጣሬ አድርገው መዘገቡት። ስለ ሽሮው አንድም ቃል የለም።

ሦስተኛው ላይ፣ አልዋሽዎትም፣ የኛም እጅ አለበት። ባለሙያዎ ገበያ እንዴት ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ጋሽ ይገዙ «ምን ገበያ አለ ብለህ ነው እባክህ!» አሉ። ይህ በኛ ነጋዴ ዘንድ ሰላምታ ነው፤ ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቶም ቢሆን የሚባለው ይኸው ነው። ልጃቸው ዮዲ ግን እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናትና ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አቀረበችላቸው። እናቷ ከኋላ ሲቆነጥጧት «ዋት? ሂ ሰድ ኢት! ራሱ እኮ ነው ያለው!» አለች አሉ። እነሆ ያቺ ንግግር በትዕምርተ ጥቅስ ታጥራ ገጽ አራት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከሥሯም «የገበያ ካሣ፦ ዜሮ» ይላል። ዮዲ ገጹን በስልኳ ይዛ ትዞራለች፤ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቅቷታል። አባቷም ፋሲካ አልፎ ደንበኛ ሞልቶ እያለ፣ ዛሬም ያንኑ ቢላ ይስላሉ፤ ስለቱ አልቆ እጀታ ብቻ እንዳይቀራቸው እንሰጋለን።

እኔ ደንበኛቸው በፋሲካ ዋዜማ ከሲልቨር ስፕሪንግ የቤልትዌዩን ቀለበት መንገድ ዞሬ ስደርስ የወረፋ ቁጥሬ ሰማንያ ሰባት ነበር። ወረቀቷን አያይዤልዎታለሁ።

ስለዚህ ዘጠኙ ቀን ሳያልቅ እኒያኑ ባለሙያ መልሰው እንዲልኩልን በትሕትና እለምናለሁ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ፓርኪንግ ያገኛሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም።

መንገድዎ በሰፋ ቁጥር ሆድዎም አብሮ እንዲሰፋልን የምትመኝ፣
ቆጠራዎን ከልብ የምታደንቅ አክባሪዎ፣
ሂዊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ማስታወሻ፦ ባለፈው በሜሞሪያል ዴይ፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ በሚዘጋበት በዓል፣ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ቆሜ፣ በባለሙያዎ ዘዴ ቆጠርኩ። የቆመ መኪና፦ አንድ። እሱም የኔ ነው። ጋሽ ይገዙ ሕንጻውን በዚሁ ሂሳብ ሊወስዱት ተስማምተዋል፤ ለመልቀቅ ሠላሳ ቀን አለዎት።