ሰፈሩን ያበሉት እትዬ ጆንያ

እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው አልጋ ላይ ስለዋሉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ዳቦ ቤት ተቀጠሩ። ታናናሾቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ የፋብሪካውን የጭነት መኪና ሾፌር አግብተው እኔን፣ ወንድሜንና ታናሽ እህቴን ወለዱ። ሳቂታ ነበሩ፤ ዱቄት የነካ እጃቸውን ጉንጫችን ላይ ጠርገው "አሁን ገና ሰው መሰላችሁ" ይሉን ነበር።

አንድ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የፋብሪካው ማሽኖች ቆሙና ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ወደ ቤቱ ተሸኘ። አባታችን ሥራ ላይ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። እናታችን ግን የጎረቤት ልጆች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሽታውን ሲምጉ አይተው ማለፍ አልሆነላቸውም። ጆንያ አንጠልጥለው በየቤቱ ዞሩ። "አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ምስር፤ እሱም ከሌለ ጨው" ሲሉ ሰው መጀመሪያ ሳቀባቸው፤ "እትዬ ጆንያ" የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። ብዙ ሳይቆይ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ በእህል እስከ መስኮቱ ሞላ። የማዶ ሰፈር ነጋዴዎች የሰጡትን እህል የሚጭን ሲጠፋ፣ አባታችን በእረፍት ቀናቸው የፋብሪካውን መኪና አስነሡ። ክረምቱ የአንድም ቤት ምድጃ ሳይቀዘቅዝ ወጣ።

አባታችን ግን ያለ ፈቃድ መኪና አንቀሳቅሰዋል ተብለው ተባረሩ። ፋብሪካው ሲከፈት ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥተው "በመኪናችን ለሠራተኞቻችን እህል አድርሰናል" አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ አባታችን ብቻ ውጭ ቀሩ። እናታችን ፋብሪካው በር ላይ ቆመው "ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አንድ ላይ ግቡና አንድ ቃል ተናገሩለት" ብለው ሠራተኛውን ለመኑ። "እሺ እትዬ፣ ነገ" ተባሉ። በማግስቱ ሁሉም መሬት መሬት እያየ አለፈ። "የሰጠኋችሁ ዱቄት ነው፤ ምላሳችሁን መቼ ወሰድኩባችሁ?" ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አባታችን ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደው የሰው መኪና ሲነዱ በአደጋ አረፉ። እናታችን ብቻቸውን አሳደጉን፤ ሲስቁ ግን ዳግመኛ አልሰማናቸውም።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ከፋብሪካው በጡረታ የወጡ አንዲት ጎረቤት ብርቱካን ይዘው መጥተው አጠገባቸው አለቀሱ፤ "ፈርተን እኮ ነው እትዬ፣ ልጆች ነበሩን" አሏቸው። እናታችን "እኔም ነበሩኝ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። እኛን ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ስለሸኛቸው እናመሰግናለን። ይቅር ብያለሁ ሲሉ ግን አልሰማንም፤ እኛም በስማቸው አንልም። አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ከባለቤታቸው ጋር ያገናኝልን።