ከግራ ፓራፋንጎው በስተጀርባ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽ ደህና ናቸው? ልጆችስ በረቱ? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች ወይስ ገና ልብሽን ሰቅላ ይዛዋለች? የስፌት መኪናሽንም ልጠይቅ እንጂ፣ ከሁላችንም ይልቅ አብሮሽ የሚውለው እሱ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፤ ሁለተኛው ላይ የሞተር ዘይት ደፋሁበት፤ ሆን ብዬ ነው ብትይኝም አልከራከርሽም። በልጅነቴ ጥድፊያ ብለሽ ያወጣሽልኝ ስም እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የምጠራበት ነው። እንደ አባባ ባትላሜራ ሆኜ የሰው መኪና ስቀጠቅጥ ስውል ሁሉም ጥድፊያ፣ ና እዚህ፣ ጥድፊያ፣ ያን አንሳ እያለ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ ግን ቀስ ብዬ ልጽፍልሽ ነው።

አሮጊቷን እንዴት ትረሻታለሽ! ያቺ የአባባ የመስክ መኪና ከአደጋው ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጓሮው አጥር ሥር እንደተገተረች ነበረች። ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ ይተኛሉ፤ ሣሩ በወለሏ ቀዳዳ ወጥቶ መሪዋ ላይ ተጠምጥሟል። ማንም አልነካትም። ባለፈው ግንቦት ግን መንገዱ ሊሰፋ ነውና አጥራችሁን አራት ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡ የሚል ወረቀት መጣልን። አራት ሜትር ማለት ልክ እሷ የቆመችበት ነው። ለብረት ሰብሳቢ እንስጣት ብል አባባ ቱግ አሉ። እኔ በቁሜ እያለሁ ተቆራርጣ በሚዛን አትሸጥም፣ በራሷ ጎማ ትወጣለች አሉኝ። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ገባሁበት።

ዝገት እንዴት ያለ ቀጣፊ ነገር መሰለሽ! ላዩን ስታዪው ትንሽ ብጉር ነው፤ በመፋቂያ ነካ ስታደርጊው ጣትሽ ዘልቆ ይገባል። የበሮቹ ታች ጭራሽ የለም። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ እግሬ ብመለከት መሬት ላይ ጉንዳን ሲሄድ አየሁ። የኋላውን ጭቃ መከላከያ በባዶ እጄ ስይዘው እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርክስክስ አለብኝ። በየማለዳው ወደ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። የበሰበሰውን ቆርጬ አወጣለሁ፣ አዲስ ላሜራ ቀጥቅጬ እበይዳለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ፀረ ዝገት እቀባለሁ። ሚስቴ ልብስህን በር ላይ አውልቀህ ግባ ትለኛለች። አፍንጫዬን ስናፈጥ እንኳ የሚወጣው ቀይ አፈር ነው።

አባባ ዓይናቸው እጅግ ደክሟል፤ በግራው ጥላ ብቻ ያያሉ፣ በቀኙ ምንም። ቀኝ እጃቸውም እንደምታውቂው ከአደጋው ወዲህ አይሠራም። ጆሯቸው ግን ጉድ ነው! በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ በትንሿ መዶሻ የመኪናዋን አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነካሁ እሄዳለሁ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮሃል፤ ዝገት የበላው ይንሾካሾካል። በስቱኮ የተደፈነ ደግሞ የታፈነ ድምፅ አለው። ስቱኮ ያው እንደ ሊጥ ለስነን ጎድጓዳ የምንሞላበት፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነው ነው። እዚያ ጋ ድገመው፣ ወረድ በል፣ ተበልቷል፣ ቁረጠው እያሉ ያዙኛል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

አንድ እሑድ የፊት ግራ ጎማውን ከሚሸፍነው ፓራፋንጎ በስተጀርባ ደረስኩ። የመሪው ሳጥን ከሻንሲው፣ መኪናዋን ከሚሸከመው ብረት፣ ጋር የሚታሰረው እዚያ ነው። መዶሻዬን አሳረፍኩ፤ ድምፁ ታፈነ። ቁረጠው እስኪሉኝ ብጠብቅ ዝም አሉ። ደግሜ መታሁት። እሱን እለፈው አሉኝ። ግራ ገባኝ። አባባ፣ ሻንሲ እኮ ነው፣ የተደፈነ ነገር አለ ብላቸው፣ ደንቆሮ አይደለሁም፣ ሰምቻለሁ፣ እለፈው አልኩህ ብለው በርጩማቸውን አንጠልጥለው ገቡ።

በማግስቱ ሚስቴ ለዓይናቸው ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው ጠብቄ ከፈትኩት። የላዩ ስቱኮ ሸካራ ነው፤ አጎታተቱም የተገለበጠ። ቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው እንደዚያ አይለስንም። በግራ እጁ የሠራ፣ ያውም ያልለመደበት ሰው ሥራ ነው። እሱን ስፈለፍለው ከሥሩ የተቀደደ ብረት ወጣ፤ የመሪው ሳጥን ማሰሪያ ብሎኖቹን ይዞ ከሻንሲው ተገንጥሏል። በተቀደደው ብረት ዳር ዳር ደግሞ ሌላ የቆየ ስቱኮ ነበረ፤ ለስላሳ፣ በደንብ የተሞረደ። ያን ወዲያው አወቅኩት፤ የራሴ ሥራ ነው። ከሻንሲው ሆድ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ በጉጠት ስቤ አወጣሁ። ሰማያዊ ባለ መስመር እጅጌ ነው። አንቺ የሰፋሽልኝ ሸሚዝ! አንድ ቁልፍ ጎድሎብሽ ከሌላ ልብስ ፈትተሽ ቡናማ የተከልሽበት። ጨርቁ አልቋል፣ የቁልፉ ክር ግን ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ሳላስቀር ልንገርሽ። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት አባባ ያን ቦታ አሳይተውኝ፣ ዝጓል፣ ቆርጠህ አውጣና ወፍራም ብረት በይድበት ብለውኝ ወጡ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ልጅነት ነው ብዬ አላመካኝም። የዚያን ቀን የዛሬዋ ሚስቴ ቤት ከወላጆቿ ጋር ልተዋወቅ ቀጠሮ ነበረኝ። ብየዳው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያረጀ ሸሚዜን እጅጌ ገንጥዬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ስቱኮ መረግኩበት፣ ሞረድኩ፣ ጥቁር ቀባሁ። ለነገሩ ነገ ከፍቼ በደንብ እሠራዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከነገ ወዲያ ረሳሁት። አንቺን ይንሳኝ፣ እትዬ፣ ረሳሁት!

ከዚያ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁልቁለቱ ላይ መሪው በእጅሽ ባዶውን ዞረ። አባባ ከጎንሽ ነበሩ። አንቺ ተረፍሽ፣ የሳቸው ቀኝ እጅ ከተገለበጠችው መኪና ሥር ተጨፈለቀ። መሪው አልታዘዘኝም ብለሽ ለሐኪሙም ለፖሊሱም ለዘመድ አዝማዱም ተናገርሽ። ማን ሰማሽ? አባባ ከተኙበት አልጋ ሆነው መኪናዬ ምንም አልነበረባትም አሉ፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። አክስታችን የአባትሽን እጅ በላሽው አለችሽ። እኔም አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ቀስ ብለሽ ብትነጂ ምን ነበረበት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይህን ቃሌን ባሰብኩት ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። ዓመት ሳይሞላ ልብስሽን ሸክፈሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠሽ እንደማታውቂ፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ከፊት እንደማትቀመጪ ባለቤትሽ ነግረውኛል። አባባ መንዳት ያስተማሩት ከሁላችን አንቺን ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ ቅናቴን አልረሳሁም።

እጅጌውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ የአንቺ ነገር አይደለም። አዲስ ቆርጬ ያዘጋጀሁትን ብረት አንስቼ ቦታው ላይ ለካሁት። ልክክ አለ። ዳርና ዳሩን ብበይደው፣ ብሞርደው፣ ብቀባው ማን ያውቃል? ሦስት ቀን በዚህ ሐሳብ ዋልኩ አደርኩ። ሚስቴ ምን ሆነሃል ብላ ስታፋጥጠኝ አወጣሁት። እኛ ቤት የመጣህ ቀን ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነስታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን፣ ለአባትህ ንገር፣ ከዚያ ለእህትህ ጻፍላት፣ አንተ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ አለችኝ። እሷ ደግሞ ያለችውን እንደምታደርግ አውቃለሁ።

እጅጌውን ወስጄ አባባ ግራ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቁልፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከፈትከው? አሉኝ። ከፈትኩት አልኳቸው። ከሐኪም ቤት በወጡ በወሩ፣ እኔ ጋራዥ አንቺ ስፌት ቤት በዋልንበት፣ በደረታቸው ተስበው መኪናዋ ሥር ገብተው ያን የተቀደደ ብረት እንዳዩት፣ የእኔን ሥራ እንዳወቁትና በግራ እጃቸው እንደደፈኑት ነገሩኝ። ያን ጊዜ እኮ አንቺ ገና እዚሁ ቤት ነበርሽ! ለምን? ብዬ ጮህኩባቸው፤ በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። የእኔ እጅ ሄዷል፣ ለዚህ ቤት የቀረው ያንተ እጅ ነው፤ የሠራው መኪና የገዛ አባቱን ጣለ ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል? እሷ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች አልኩ። ሰንበት ሲል የሚረሳ መስሎኝ ነበር። ከሄደች በኋላ ደግሞ በምን አፌ ልናገር? አሉኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኔም አላባበልኳቸውም።

እትዬ፣ ጠንካራ ናት ተብሎ ሰው ላይ ይጫናል እንዴ? ምን ዓይነት ፍርድ ነው? አንጀቴ እርር ብሏል። ደግሞ መለስ እልና እኔ ማን ሆኜ ነው የምቆጣው እላለሁ። እሳቸው የደፈኑት እኔ የደፈንኩትን ነው። ሚስት ያገባሁት፣ ልጅ ያሳደግኩት፣ እጁ የተባረከ ነው እየተባልኩ የኖርኩት አንቺ በተሸከምሽው ነው። ይቅር በይኝ ማለት አፍ ላይ ቀላል ስለሆነ ዛሬ አልልሽም።

አክስታችንን ጠርቼ ጓሮ ወስጄ አሳየኋት። ብረቱ አልገባትም፤ ስፌትሽን ግን አወቀችው። የወለቀ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ መጀመሪያ እኔን ረገመችኝ፣ ቀጥላ ራሷን። ጋራዥ ላሉትም ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በነጋታው አንድ የቆየ ደንበኛችን ሥራውን ሳልጀምርለት መኪናውን ይዞ ሄደ። ይሂድ፣ እውነቱን ነው። አዲሱን ብረት አልበየድኩትም። አጥሩ በሚፈርስበት ቀን አሮጊቷ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ትገባለች እንጂ በራሷ አትወጣም። አንቺ መጥተሽ በዓይንሽ እስክታዪው፣ ወይም ዝጋው እስክትዪኝ ድረስ ያ ቦታ እንደተከፈተ ይቆያል።

ሚስቴ በጣም ሰላም ትልሻለች፤ ያን ቀን ባልቀጥረው ኖሮ እያለች ራሷን ትወቅሳለች፣ እባክሽ አንቺ አንድ ነገር በያት። በፎቶ ብቻ የምታውቅሽ ልጄ እጅ ነስታለች፤ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ጠይቅልኝ ብላለች። አክስታችን ሰላም በልልኝ አለች፣ መለስ ብላ ተወው አለች፣ በር ላይ ስትደርስ ደግሞ በልልኝ አለች፤ እንግዲህ ብያለሁ። ለባለቤትሽና ለልጆቹ ከሁላችንም የከበረ ሰላምታ አድርሺልን።

አባባ ግን ሰላምታዬን እንዳትጽፍ ብለውኛል። ሰላም ለማለት ፊት የለኝም፣ መጀመሪያ እሷ የምትለኝን ልስማ አሉ። ስለዚህ እትዬ፣ ለእሳቸው ጻፊላቸው። የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ አንባቢ የላቸውም። በእሳቸው ላይ ያለሽን፣ በእኔም ላይ ያለሽን፣ አሥራ ስምንት ዓመት የዋጥሽውን ሁሉ ጻፊው፤ ይከብዳቸዋል ብለሽ አታለሳልሺ፣ ለእኔም አትዘኚ። አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ስለ እኔ የጻፍሽው ላይ ስደርስም አንድ ቃል አልዘልም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን ጓሮ፣ ሐምሌ ፲፯ ቀን